የልብስ ሰፊው ምስክርነት

ልብስ ሰፊው ጀቤሳ በሸነን ገበያ ሃያ ዓመት ሲሰፋ በክፉ የሚያነሳው ሰው አልነበረም። ደቻሳ የሚባል ጎልማሳ ሞተር ያለው የስፌት መኪና ይዞ ከጎኑ ሱቅ ከከፈተ ወዲህ ግን ሆዱ ዕረፍት አጣ። የተማሪው ዩኒፎርም ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ጀቤሳም በየረቡዑ ጸሎት ቤት ተንበርክኮ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ንቀልልኝ!» ይል ጀመር። ሰው ሲጠይቀው ግን «ለደቻሳ እየጸለይኩ ነው» ይላል።

በሦስተኛው ክረምት የደቻሳ ሱቅ ግድግዳ በዝናብ ተደርምሶ መኪናውን ጨፈለቀው። የጀቤሳ አፍ «አይዞህ» አለ፤ ልቡ እልል አለ። እሑድ ስም ሳይጠራ ጌታ እንደፈረደለት ሊመሰክር ተሰለፈ። ተራው እስኪደርስ ቸኩሎ እግሩን ያፈራርቃል፣ ኮሌታውን ይነካካል። ከፊቱ የቆመው ደቻሳ ነው።

ደቻሳ ማይክሮፎኑን ያዘ። «ግድግዳው ሲወድቅ ሚስቴ ልጃችንን አዝላ ገና ከበሩ መውጣቷ ነበር። መኪናው ይቅር! ኦቦ ጀቤሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጸልዩልኝ ነበር፤ ያተረፈን የእሳቸው ጸሎት ነው።»

ጉባኤው «አሜን!» አለ። ደቻሳ ዞሮ የጀቤሳን እጅ ሳመና ማይክሮፎኑን አቀበለው።

ጀቤሳ ልቡ በምን ላይ እልል ሲል እንደሰነበተ ያን ጊዜ ታየው። ያሰናዳውን ምስክርነት ተወው።

«ደቻሳ» አለ፣ «ጸለይኩብህ እንጂ አልጸለይኩልህም።»

ጉባኤው እንደ ልማዱ «አሜን!» ካለ በኋላ ነው ነገሩ የገባው።