የዶኛ ካሲልዳ «በተጨማሪም»

ሰው ሁሉ «ዶኛ» (ወይዘሮ) የሚላት ካሲልዳ ቴራሳስ በቦሊቪያዋ ከተማ በኮቻባምባ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ፣ ታይፕራይተሯን ይዛ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። አቤቱታ ትጽፋለች። የሱቅ ፈቃድ፣ የቤት ማደሻ፣ የመቃብር ቦታ፣ ሰው በቁሙም ሆነ ሞቶ ከማዘጋጃ ቤት የሚፈልገውን ሁሉ። የተማረችው እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፤ ታይፕ መምታቱን ያወቀችው አንድ ጠበቃ ቤት ስታጸዳ በድብቅ እያየች ነው። ባሏ የሞተ ዕለት የመቃብሩን ማመልከቻ የጻፈችው ራሷ ናት፤ ማዘጋጃ ቤቱም ወዲያው አሳለፈው። ጎበዝ ናት የምለው እንዲሁ ላሞግሳት ብዬ አይደለም።

ዶን ሮሙሎ አንሳልዶ ለከንቲባነት እወዳደራለሁ ሲል ከተማው ጉድ አለ። ሰውዬው ፓስታ በእጅ ጋሪ እየገፋ ጀምሮ ሦስት ፋብሪካ ያቆመ ሀብታም ነው። የመጀመሪያውን የንግድ ፈቃድ ማመልከቻ የጻፈችለት ካሲልዳ ነበረች። አሥራ አራት ማህተም ፍለጋ ስምንት ወር ተንከራቷል፤ ያ ስምንት ወር ከሆዱ አልወጣም። «ይህን ከተማ እንደ ፋብሪካዬ ነው የማስተዳድረው! ማህተም የሚባል ነገር ይቀራል!» እያለ በየአደባባዩ ማለ። ፊቱ የታተመበት ፓስታ በየቤቱ ታደለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ካሲልዳም አጨበጨበች፣ ፓስታውን በላች፣ መረጠችውም። አይ ሰው! ሰውዬው የመጣው እንጀራዋን ሊዘጋ መሆኑ የገባት ካሸነፈ በኋላ ነው።

የማሻሻያ ደንቡ ሁለት አንቀጽ ነበረው። አንደኛው፣ ማንም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ባለጉዳይን «ማስረጃ አምጣ» እንዳይል። ሁለተኛው፣ እግረኛ መንገዱ ከጠረጴዛና ከወንበር እንዲጸዳ። ጠረጴዛና ወንበር የተባሉት እንግዲህ እሷና አጠገቧ የሚጽፈው ዶን ፖሊካርፖ ናቸው። ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ቦታ ከተነሣች የምትሄድበት የላትም።

ደንቡ ግን አልጸድቅ አለ። የምክር ቤቱ ጸሐፊ ሦስት ጊዜ መለሰው። እኛ ዘንድ መጨረሻው ላይ «በተጨማሪም» ብሎ አንድ ነገር የማይለምን ጽሑፍ፣ ጽሑፍ አይባልም። ምን እንደሚለመን ግድ የለም፤ ማንም አያነበውም። ግን መኖር አለበት። ውጭ አገር የተማሩት የከንቲባው ጠበቆች ይህን ከየት ይወቁት?

አንድ ረቡዕ፣ ሳልቴኛ የሚባለው የሥጋ ሳምቡሳ በሚበላበት የረፋድ ሰዓት፣ ከንቲባው ራሱ ከደረጃው ወርዶ ለባለጉዳይ ባስቀመጠችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለ።

«ደንበኛዬ፣ ያቺ የድሮዋ እጅዎ ዛሬም ታስፈልገኛለች» አላት። «ሦስት ጊዜ መለሱብኝ እኮ! በቀን አርባ ሺህ እሽግ ፓስታ የማመርት ሰው!»

«ፓስታ ‹በተጨማሪም› አይልም፣ ጌታዬ» አለችው።

ዶን ፖሊካርፖ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። «አንቺ! በገዛ እጅሽ መገነዣሽን ልትሰፊ ነው? አንዲት ስህተት ጣል አድርጊበትና ለአራተኛ ጊዜ ይመልሱበት!»

«አልችልም።»

«እንዴት አትችዪም?»

«አላውቅበትማ!»

እውነቷን ነው። በልቧ ሰውዬውን እየረገመች አንቀጽ አንድን አሳምራ ጻፈች። ራሷን ከመንገድ የሚያባርረውን አንቀጽ ሁለትንም አሳምራ ጻፈች። ከዚያ ቆም አለች።

«‹በተጨማሪም› ምን ይለምናሉ?»

«ምንም! ደስ ያለዎትን ይጻፉ።»

ደስ ያላትን ጻፈች። እንደ ልማዷም ለባለጉዳዩ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችለት። «በተጨማሪም፣ መጻፍ ለማይችል ሰው የሚጽፍ ሰው ከተቀመጠበት እንዳይነሣ።» ከንቲባው ግን ስልኩ ጮኾበት ስለ ዱቄት ከፋብሪካው ጋር እየተጨቃጨቀ ነበር። በእጁ ጥሩ ነው የሚል ምልክት አሳያት፣ ፈረመ፣ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ሒሳቧን ከፍሎ ሄደ።

ደንቡ በዚያው ሳምንት ጸደቀ። እስከ መጨረሻው ያነበበው አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ደንብ አስከባሪው የጭነት መኪና አስከትሎ መጣ። «ዶኛ ካሲልዳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ታዝዤ ነው» አለና የጠረጴዛዋን ጠርዝ ያዘ።

የደንቡን ግልባጭ ሰጠችው። «እስቲ መጨረሻውን አንብብልኝ፣ የኔ ልጅ።»

አነበበ። ደግሞ አነበበ። «እና... ይህ የሚጽፈው ሰው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ለዚህ ማስረጃ...» ብሎ ጀመረና ዋጥ አደረገው። ዓይኑ ወደ ላይ፣ ወደ አንቀጽ አንድ ሄዶ ነበር።

«ምን ልትል ነበር?»

«ኧረ ምንም አላልኩም!»

«እኔም ያ ሰው ነኝ» አለ ዶን ፖሊካርፖ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ደንብ አስከባሪው ሁለቱንም አያቸው። ሊጠይቃቸው የሚችለው ነገር አልነበረውም። ጠረጴዛውን ለቀቀና ባዶ መኪናውን ይዞ ሄደ።

ካሲልዳ አዲስ ወረቀት ከነካርቦኑ አስገባች፤ ካርቦኑን ግን ገልብጣው ነበር።

«ፈርተሽ ነበር እንዴ?» አላት ዶን ፖሊካርፖ።

«ሞቼ ነበር እንጂ» አለች፣ በካርቦን በጠቆረ ጣቷ እንባዋን እየጠረገች።