የጃንጥላ ጠጋኙ ጥላ

ጃንጥላ ጠጋኙ ለሰፈሩ ሕፃናት ካለው ፍቅር የተነሳ እንቅልፍ አጥቷል ይባላል። እኔ ግን ለማመን ተቸገርኩ። ኳሳቸው ሱቁ ውስጥ የገባባቸው ልጆች በወስፌ የተበሳ ኳስ ታቅፈው ሲወጡ በነዚሁ ዓይኖቼ አይቻለሁ።

በበጋ እኩለ ቀን ላይ የመዋዕለ ሕፃናቱ በር እስኪከፈት ድረስ ትልልቆቹን ሊወስድ የመጣ ወላጅ ሁሉ ጨቅላውን አዝሎ ደጅ ይቆማል። አምና ፀሐይዋ ከመክረሯ የተነሳ ጥላችን እንኳ ከቤት አልወጣም ብሎ ነበር፤ የጨቅላዎቹም ጉንጭ ተላጠ። ጠጋኙም የልጅ ልጁን ሊወስድ እዚያው ይቆማል። ዘንድሮ ታዲያ ዝናቡ ሲያባራ ባለቤቶቻቸው የረሷቸውን አርባ ጃንጥላዎች ጨርቃቸውን ገፎ፣ አንድ ላይ ሰፍቶ፣ ከበሩ እስከ መብራት ምሰሶው ወጠረው። አበባ ያለበት፣ ነጠብጣብ ያለበት፣ የባንክ ማስታወቂያ ያለበት ሁሉ ተሰብስቧል። ሕፃናቱ ከሥሩ ለጥ ብለው ይተኛሉ።

ትናንት አንዲት እናት፣ “ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ የለፉት ለልጆቻችን ብለው እኮ ነው” አለችው።

“ማን ነው እንዲህ ያለሽ?” አላት፣ አምና የተላጠውን ራሰ በራውን እየዳበሰ። “ለዚህ ብዬ ነው። ጃንጥላ ይዞ መቆም ክንዴን ያደክመኛል። ልጆቻችሁን ደግሞ ማን ጠራቸው?”