ኤሊዋ በጀርባዋ የወደቀች ዕለት

እስከ ዛሬ ከስሜ በቀር የጻፍኩት ነገር የለም። ትምህርቴም ማንበብ እንደቻልኩ አለቀ፤ ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ካወቀች ወጥ መሥራት ይጠፋታል ተብሎ።

ሦስት ሽማግሌዎች አዳማ ቤታችን የመጡት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። እኔን ሞጆ ባቡር ጣቢያ ለሚሠራ ሰው ሊጠይቁ ነበር። አይቼው አላውቅም፤ እሱም አላየኝም። ለትዳር ከዚህ የበለጠ ምን ይመቻል?

አባቴ «አረፍ በሉ» ቢላቸው፣ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው ግቢው መሀል ቆሙ። በዚያ ሐሩር! እኔ ከበር ኋላ ሆኜ በስንጥቁ አያለሁ። ትልቁ ሽማግሌ እግራቸው ሲዝል፣ በግቢያችን የምትኖረውን ኤሊ ድንጋይ መስላቸው እግራቸውን ሊያሳርፉባት በምርኩዛቸው ገፋ አደረጓት። ተገለበጠች።

«አለቀላት» አሉ። «ኤሊ አንዴ ከተገለበጠች ሰው ካላነሳት አትነሳም።»

«ራሷን ካቃናችስ?» አለ አባቴ።

«እንግዲያማ ልጅቱ ራሷ ትጠየቅ!» አሉ ሽማግሌው። « የምትለውን ሰምተን እንሄዳለን።»

ልጅቱን መጠየቅ! ሁሉም እስኪያስላቸው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። የሰፈር ልጆች ሲገለብጧት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። መጀመሪያ የሞተች ትመስላለች። ከዚያ አንገቷን መዝዛ ጭንቅላቷን መሬት ላይ ትተክላለች፤ እግሮቿን ታወራጫለች፤ ቅርፊቷ እንደ ቅል ይወዛወዛል። ጥፍሯ አንዳች ነገር ከያዘ ትነሳለች። ያን ቀን ግን ግቢውን ለእንግዶቹ ክብር ሙልጭ አድርጌ የጠረግሁት እኔው ነኝ። ጠጠር እንኳ አልተረፈም። ጎበዝ ሙሽራ!

ኤሊዋ ተወዛወዘች፣ ተመለሰች። ደግሞ ተወዛወዘች። ትልቁ ሽማግሌ መጨረሻዋን በቅርብ ሊያዩ ጠጋ ብለው ምርኩዛቸውን አጠገቧ ተከሉ። ጥፍሯ ምርኩዙን ያዘ። ገፋችና ቀና አለች፤ መንገዷንም ቀጠለች።

«ይሄማ በእኔ ምርኩዝ ነው!»

«ሰው አላነሳትም፣ አባባ» አለ አባቴ። «የሽማግሌ ቃል ደግሞ አይታጠፍም።» ወዲያው ጠራኝ።

በነጠላዬ ተሸፍኜ ወጣሁ። «አልፈልግም» አልኩ። አልተሰማም። «ምን አለች?» ሲሉ ደገምኩት፤ በዚህኛው ጊዜ ጎረቤትም ሳይሰማ አልቀረም።

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ መጡ፣ እንደቆሙ ሄዱ። እናቴ እሺ መባሉን ሳትጠራጠር ለምርቃቱ ድግስ የምታቁላላው ሽንኩርት ከጓሮ ማድ ቤት ይሸታል። አባቴ ወደዚያ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ የድርሻዬን አድርጌያለሁ፤ ለእናትሽ አንቺው ንገሪያት።»