ጉምቦ ያልጣመው ሰውዬ

በምሳ ሰዓት አንድ የማናውቀው ሽማግሌ ወደማስተናግድበት ምግብ ቤት ገብቶ ኮፍያውን ሳያወልቅ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ሸሚዙ ቢነትብም ተተኩሷል። ያቀረብኩለትን በጭስ የበሰለ የአሳማ ጎድን ገፋ አድርጎ፣ እኛ ካጁን የምንባለው የአካባቢው ሰዎች ጉምቦ የምንለውን የሽሪምፕና የቋሊማ ሾርባ ቀመሰና ፊቱን አጨፈገገ።

«ይሄን ለውሻ ስጪው» አለኝ።

የቤቱ ባለቤት ኦቪድ ከወጥ ቤት ሰምቶት ጭልፋውን እንደያዘ ወጣ። «ካልጣመህ በሩ ያውልህ፣ ሽማግሌ!»

«እናትህ የጉምቦውን ዱቄት እስኪጠቁር ነበር የምታቆላው» አለ ሽማግሌው።

ኦቪድ ክው አለ። ነፍሷን ይማርና፣ እናቱ ከቤቷ ውጭ አብስላ አታውቅም። «አንተ ማነህ?»

ሰውዬው ሾርባውን ጨርሶ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ በላና ተነሣ።

«ሁለተኛ እዚህ ድርሽ እንዳትል!» ብሎ ኦቪድ ጮኸበት።

«እናትህም አንተን አዝላ እንዲሁ ብላ ነው ያባረረችኝ» አለና ወጣ።