መኪናዋ መጣች የተባልኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት ከወናጎ ወደ ዲላ በሚኒባስ ስመጣ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። ልብሱ ስቱኮና ቤንዚን ይሸታል። መስኮቱን ከፈትኩት። ሰውየው ገብቶት መሰለኝ፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ከጋራዥ ነው የመጣሁት» አለኝ። እሱን ጠልቼ አልነበረም። ወንድሜ ያሬድ ከሥራ ሲገባ ቤታችን እንደዚህ ይሸት ነበር።

ያሬድ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ዲላ አንድ ጋራዥ ገባ። እኔን ግን ከትምህርት አላስቀረኝም። ለራሱ የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ሱፕራ። ጃፓን የተሠራች፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ያላት የእሽቅድምድም መኪና። ነጭ። በዓይኑ አይቷት አያውቅም። ከመንገድ ላይ የገዛው ፎቶዋ ከአልጋችን በላይ ተለጥፎ ነበር። ክረምት ላይ እርጥበቱ የወረቀቱን ጥግ ቢበላውም፣ ጎማዋ ጋ እስካልደረሰ ድረስ ግድ አልነበረውም።

ትንሽ ልጅ ሳለሁ ባዶ ጀሪካን ላይ አስቀምጦ የድስት ክዳን ያስይዘኛል። መሪ መሆኑ ነው። ሞተሩን እሱ በአፉ ያስጮኸዋል። «ፍሪሲዮን ርገጥ! ሦስተኛ አስገባ! ኧረ ማርሹን ገደልከው!» ይለኛል። እናታችን ክዳኗን ፍለጋ ስትመጣ «ቆይ እማ፣ ኩርባ ላይ ነን» ይላታል። መኪናዋ ስትመጣ መጀመሪያ የምሳፈረው እኔ እንደሆንኩ «እማ ትሙት» ብሎ ምሎልኛል።

ሰፈሩ ስሙን ትቶ ሱፕራ ይለው ነበር። የባጃጅ ሾፌሮቹ «ሱፕራ፣ ዛሬም በእግር ነው?» ሲሉት «ጋራዥ አስገብቻት ነው» ይላቸዋል። ይስቃሉ። እኔ አልስቅም ነበር። እንደምትመጣ አምን ነበር።

አሥረኛ ክፍል እያለሁ፣ በቡና ለቀማ ወቅት፣ ለቅዳሜና እሁድ ቡሌ አክስታችን ዘንድ ሄድኩ። እሁድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ሳይገለጥ፣ የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ታደሰ በሞተር ሳይክል መጡ። ያን ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ጭቃ።

«ተነስ፣ ወንድምህ ይፈልግሃል» አሉኝ። ጫማቸውን እያዩ «መኪናዋ መጣችለት» አሉ።

«ሱፕራዋ?»

«አዎ። እሷው።»

«ቀለሟስ?»

«ነጭ» አሉ።

ጓሮ ለነበረችው አክስቴ ጮኼ ስነግራት እልል አለች። እልል እያለች መጥታ የጋሽ ታደሰን ፊት አየች። እልልታው መሃል ላይ ተቆረጠ። ትን ያላት መሰለኝ። ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት። አልጠጣችውም። ቻው እንኳ ሳትለኝ ወደ ውስጥ ገባች።

ከኋላቸው ተፈናጥጬ እስከ ዲላ ድረስ ጆሯቸው ላይ ጮህኩባቸው። ማርሿ አምስት ነው ስድስት? መሪዋ በየት በኩል ነው? ያሬድ ነዳት? አንዴ ብቻ «እኔ እንጃ ልጄ፣ እሱ ይነግርሃል» አሉኝ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እጄን እያወዛወዝኩ ሰላም አልኩ። አንዱን የክፍሌን ልጅ «ሱፕራ መጣች!» ብዬዋለሁ።

ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ለመኪናዋ የተተከለ መሰለኝ። ዘልዬ ወርጄ በዓይኔ ፈለግኳት። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች ብቻ ነበሩ። «የታለች?» አልኩ። ያኔ እናቴ ጮኸች።

ያሬድ የሞተው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እሸት ቡና የጫነ መኪና ተበላሽቶ ጋራዥ ይገባል። ባለቤቱ ቡናው ሳይበላሽብኝ ልድረስ እያለ ያጣድፋል። ያሬድ ድንጋይ ሳያስደግፍ፣ መኪናውን በክሪክ ብቻ አንስቶ ከሥሩ ገባ። ክሪኩ ጭቃው ላይ ተንሸራተተ።

መርዶ መንገድ ላይ እንደማይነገር አውቃለሁ። ሩቅ ያለ ሰው በሰበብ ይጠራና ከቤተሰቡ መሃል ሆኖ ይረዳል። ብዙ ጊዜ «እናትህን ትንሽ አሟታል» ነው የሚባለው። ለእኔ ለምን መኪናዋ? ሌላ ውሸት ጠፍቶ? ከአርባው በኋላ ይህንኑ ጋሽ ታደሰን ጠየቅኳቸው።

«እናትህ ታመመች ብልህ ወዲያው ይገባህ ነበር» አሉኝ። «ያንን ውሸት ማን የማያውቀው አለ? ከሞተሩ ላይ ብትወድቅብኝስ? ሌላ ምን ልበልህ ልጄ?»

እስካሁን ጋራዣቸው በር ላይ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

የያሬድን ቱታ እናቴ ለአንድ የሥራ ባልደረባው ሰጠችው። ለእኔ የቀረኝ ያ መንገድ ነው። ከቡሌ እስከ ዲላ ድረስ ያሬድ መኪና ነበረው። እሱ ከሞተ አንድ ሌሊት አልፎታል፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህንን ለእናቴ አልነገርኳትም።