ከመርዶው በፊት

በሰፈር ስብሰባ ላይ በተናገርሁት ነገር የተያዝሁ ዕለት፣ ወደ እስር ክፍሉ ከመግባቴ በፊት የተጠየቅሁት ብሔሬን ነበር። ምን ብዬ እንደመለስሁ አላስታውስም። የማስታውሰው ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ ሥር ይገባ እንደነበርና አንድ ወጣት ሹፌር ሳያውቀኝ የፍራሹን ግማሽ እንደለቀቀልኝ ነው።

«ጋሼ፣ ወደ ግድግዳው ይጠጉ፤ ብርዱ ከበሩ ነው» አለኝ።

የየካ ሚካኤል ሰፈር ልጅ ነው፤ ሙስሊም። ስንቁን እናቱ ያመላልሱለት ነበር። አንድ ሰሞን ስንቁ ቀረ። እሱም «እሷ ትመጣለች» እያለ ከማንም ሳህን አልነካም አለ። በዚያው ሰሞን ባለቤቴ ምግብ ስታቀብለኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የልጁ እናት ትናንት ተቀበሩ፤ ጎረቤቶቻቸው እዚህ በር ላይ ነገሩኝ» አለችኝ።

በዕድሜ የሁሉም ታላቅ ስለነበርሁ መርዶው በእኔ ላይ ወደቀ። ፖሊስ ቀድሞን በበሩ ቀዳዳ እንዳይነግረው ፈራሁ። አብሮን የታሰረውን የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አማከርሁት።

«ባዶ ሆዱንማ አንነግረውም» አለ። «ቤቱ ቢሆን ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቁርስ አብልቶት ነበር።»

ጎሕ ሲቀድ ክፍሉ ሁሉ ተነሥቶ በልጁ ዙሪያ ተቀመጠ። ባለቤቴ ካመጣችው ሽሮ ጠቅልዬ ዘረጋሁለት። ሰዎቹን አንድ በአንድ አያቸው።

«እርስዎስ፣ ጋሼ?»

«አንተ ስትጎርስ።»

ጎረሰ። በቀስታ አላምጦ ዋጠ፤ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«አሁን ንገሩኝ» አለ።

ልቅሶው ሲሰማ ፖሊሱ ቀዳዳውን ከፈተ።

«የምን ስብሰባ ነው?»

«ለቅሶ ነው።»

«ማን ሞቶ?»

«እናታችን።»

ፖሊሱ ፊታችንን ሲመለከት ቆየ። ብሔራችንን የጠየቀን እሱ ራሱ ይሁን ሌላ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። ቀዳዳውን ዘግቶ ሄደ። «እናታችን» ያለው ማን እንደነበረም እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ብሆን ደስ ባለኝ፤ ድምፁ ግን ከኋላዬ የመጣ ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ያ ሹፌር ጎሕ ሲቀድ ቀበና ያለውን ቤቴን አንኳኳ። ትኩስ ዳቦ ይዟል። ከኋላው ጎረቤቶቼ ቆመዋል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቺን ይቅመሱ» አለኝ።

የታሰርሁበትን ወር፣ የክፍሉን ስፋት፣ የአብዛኞቹንም መልክ ዛሬ ረስቻለሁ። ይህ ግን አልጠፋኝም። ዳቦውን ቆርሼ ጎረስሁ። አላምጬ እስክውጥ ሁሉም ጠበቁኝ።

«አሁን ንገሩኝ» አልሁ።