ተቆጥሯል በላቸው

ሆሳዕና አውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት በአስተርጓሚነት የተቀጠርኩ ዕለት ዋና ጸሐፊው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ከሀዲይኛ ሌላ ምን ታውቃለህ?» አሉኝ። ከምባትኛም እንደማውቅ ነገርኳቸው። አባቴ የሆሳዕና ዙሪያ ሰው ነው፤ እናቴ የአንጋጫ ልጅ ናት። አማርኛውን በሚሲዮን ትምህርት ቤትና በገበያ ለመድኩት። «መልካም፤ በአንድ ደመወዝ ሁለት ሰው አገኘን» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። አዲስ ሥራ የያዘ ሰው በምንም ይስቃል።

ሥራውን ያሳየኝ ጡረታው የደረሰው የቀድሞው አስተርጓሚ ጋሼ ኤርጪሶ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት አንድ ሽማግሌ በሬያቸው ተወስዶባቸው አቤት ሊሉ መጡ። ማን እንደወሰደው፣ በየትኛው ገበያ እንደታየ፣ እነማን እንደሚመሰክሩ ላብ እስኪያጠምቃቸው ድረስ ተናገሩ። ጋሼ ኤርጪሶ ሁሉንም ሰማና ወደ ጠረጴዛው ዞሮ «በሬዬ ተወሰደብኝ ይላል» አለ። ከጠረጴዛው ማዶ «ምስክር አለው?» የሚል ጥያቄ መጣ። ሽማግሌው ምስክሮቻቸውን አንዴ ጠርተው ጨርሰዋልና ግራ ገብቷቸው ጋሼ ኤርጪሶን አዩት። በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ ተባሉ።

ወጥተን «ጋሼ፣ የቀረውን ለምን ተዉት?» አልኩት። «የቀረው እንባ ነው፤ እንባ አይተረጎምም» አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎም የሙያውን ምስጢር ነገረኝ፤ «ከላይ የመጣውን አለስልሰህ አውርድ፤ ከታች የመጣውን አሳጥረህ አውጣ። እኔ እንዲህ አድርጌ ነው ለጡረታ የበቃሁት።» ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ልጅ ያሳደገ፣ ለሰው አዛኝ ሰው ነበር። እኔ ግን በሬያቸው የተወሰደባቸው ሽማግሌ ቃላቸው ደግሞ እዚያው በር ላይ ሲወሰድባቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

አስተርጓሚ የሚቆመው በጠረጴዛውና በባለጉዳዩ መካከል ነው፤ ከጠረጴዛው ትንሽ ራቅ፣ ከባለጉዳዩ ትንሽ ቀደም ብሎ። ባርኔጣ አይደረግም፤ ክንድ አይታጠፍም። እኔ በዚህ ላይ የራሴን ደንብ ጨመርኩበት። ባለጉዳዩ «እኔ» ካለ እኔም «እኔ» እላለሁ፤ ሹሙ ከተቆጣም ቁጣውን እንዳለ አወርደዋለሁ።

አውራጃ ገዢው ፊታውራሪ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ልጆቻቸው ደህና ሰዎች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ቆሜ «ግብሬን ከፍዬ እያለ ለምን እታሰራለሁ?» ብዬ ስጮህ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «አንተን ማን አሰረህ?» አሉኝ። «እኔን አይደለም ጌታዬ፤ እሱ ነው የሚለው» አልኩ። «ታዲያ እሱ ይላል በላ!» አሉ። «እሱ የሚለው ‹እኔ› ብሎ ነው» ብዬ ቆምኩ። ተቆጡ፣ ሰለቹ፣ በመጨረሻም ለመዱት። ዋና ጸሐፊው ግን «ይሄ ልጅ አንድ ቀን አንገቱን ይዞ የሚሄድበት አገር ያጣል» ይሉ ነበር።

የምክር ቤት ምርጫ ሲቃረብ ሕገ መንግሥቱንና ምርጫውን ለገበሬው እንድናስረዳ ከዋና ጸሐፊው ጋር በየመንደሩ ተላክን። ወረቀቱን እሳቸው ያነባሉ፤ እኔ እተረጉማለሁ። በበቅሎ እሳቸው፣ በእግር እኔ።

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት መንደር ሰዉ በዋርካ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ጠበቀን። የመንደሩ ታላቅ አባ ሄራሞ የሚባሉ ረጅም ሽማግሌ ነበሩ። እኔ «ሕገ መንግሥት ማለት መንግሥት ራሱ የሚሠራበት ደንብ ነው» ስል እሳቸው «ደንቡን ማን አወጣው?» አሉ። ዋና ጸሐፊው «ግርማዊነታቸው ለሚወዱት ሕዝባቸው የሰጡት ነው» ብለው መለሱ። አባ ሄራሞም «የሰጠ ሰው መልሶ ይወስዳል?» ብለው ጠየቁ። ዋና ጸሐፊው ወረቀታቸውን አገላበጡና «ወደሚቀጥለው እለፍ» አሉኝ። እኔም ለሰዉ «ወደሚቀጥለው እለፍ ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ። መንደሩ በሙሉ ሳቀ።

የሚቀጥለው የሕዝብ እንደራሴ የሚለው ነበር። በእናንተ ቦታ አዲስ አበባ ሄዶ የእናንተን ጉዳይ የሚናገር ሰው ነው አልኳቸው። «ያላልነውን ቢናገርስ?» አሉ። በአራት ዓመት በሌላ ትለውጡታላችሁ አልኩ። አባ ሄራሞ ዋና ጸሐፊውን በአዘኔታ አዩአቸውና «ተዋጊ በሬ ቤትህ ቢኖር አራት ዓመት ትታገሠዋለህ?» አሉ። ይህንንም እንዳለ አወጣሁት። ዋና ጸሐፊው በቅሏቸው እንድትቀርብ አዘዙ።

ሰዉ ለቀልድ አልነበረም የሚጠይቀው። ከመንደሩ በታች የጋራ የግጦሽ መስክ አለ። ሆሳዕና የሚኖሩ አንድ ግራዝማች ያንን መስክ በስማቸው አስመዝግበው ሊያሳርሱት ተነሥተዋል። ከብቱ መስኩን ካጣ ፍግ የለም፤ ፍግ ከሌለ እንሰቱ አይበረታም፤ እንሰት ያጣ ቤት ደግሞ የት ይገባል? ለምክር ቤት ከሚወዳደሩት አንዱ እኚሁ ግራዝማች ነበሩ። ሌላው የሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪው ላምቤቦ ነበር፤ የመስኩን ነገር ምክር ቤት ፊት አቀርባለሁ ብሎ የማለ። የግራዝማቹ ምልክት ፈረስ፣ የላምቤቦ ፋኖስ ነው።

መንደሩ እንደ ልማዱ ሸንጎ ተቀመጠ። እዚያ አገር በሸንጎ የሚናገር ሰው ተነሥቶ ይቆማል፤ ስሙንና የአባቱን ስም ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሐሳቡን የሚሰጠው። ስሙን ሳይጠራ የተናገረ ሰው ቃሉ አይያዝለትም። ሁሉም አንድ እስኪሆን ድረስም ሸንጎው አይነሣም፤ ገበያ መጥቶ ገበያ ሄደ እንጂ አልተነሣም። በመጨረሻ ሁሉም ፋኖስ አሉ።

የምርጫው ዕለት ድንኳን ተተከለ፣ መጋረጃ ተጋረደ፣ የታሸገው ሳጥን ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጠ። የጣቢያው ሰብሳቢ ዋና ጸሐፊው ነበሩ። መራጩ ምልክት ያለባቸውን ወረቀቶች ይቀበላል፤ መጋረጃ ውስጥ ገብቶ የወደደውን ሳጥኑ ውስጥ ይጨምራል፤ ዝም ብሎ ይወጣል። ይህን ሁሉ በጠዋቱ ጮክ ብዬ አስረድቻለሁ።

አባ ሄራሞ መጀመሪያ ገቡ። ወረቀታቸውን ተቀበሉና በመጋረጃው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ዱላቸውን ተከሉ። «እኔ የደሌቦ ልጅ ሄራሞ፣ ፋኖስን መርጫለሁ!» አሉ፤ ድምፃቸው ከድንኳኑ ውጭ ተሰማ። ከዚያ መጋረጃውን በእጃቸው ገልጠው፣ ሰው ሁሉ እያየ ጨመሩት።

«ምስጢር ነው በለው! ማንም እንዳያውቅበት ነው በለው!» አሉ ዋና ጸሐፊው። ነገርኳቸው። «ማን እንዳያውቅብኝ? የሰረቅሁት ነገር አለ እንዴ?» አሉ አባ ሄራሞ። «አባ፣ የሚፈራ ሰው ቢኖር እንዳይጎዳ ተብሎ ነው» አልኳቸው። «እንግዲያው የሚፈራው ይደበቅ» ብለው ወጡ።

ከኋላቸው የመጣው ሁሉ እንደዚያው አደረገ። ላቀች የምትባል ልጅ ያዘለች ሴት ገብታ «የአንጁሎ ልጅ ላቀች፣ ፋኖስ!» ስትል ከባሏ ድምፅ የእሷ ጎላ። የመንደሩ ጭቃ ሹም ብቻ ሕጉን አክብሮ፣ መጋረጃውን ግራና ቀኝ ስቦ ዘግቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሕዝቡ የቆጠራውን ውጤት ሊሰማ ሆሳዕና መጣ። ግቢያችን ከበሩ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ሞላ። ሳጥኑ ፊታውራሪ ቢሮ ውስጥ እንደታሸገ ነበር። ግራዝማቹም እዚያው ቢሮ ውስጥ ነበሩ።

ፊታውራሪ ከዋና ጸሐፊው ጋር ወደ በረንዳው ወጡና ጠሩኝ። በአማርኛ እንዲህ አሉኝ፤ «ምስጢሩ ስለተጣሰ ሳጥኑ አይከፈትም፤ ይቃጠላል። ይህን ግን አትንገራቸው። ተቆጥሯል በላቸው። ውጤቱ አዲስ አበባ ተልኳል በላቸውና ወደየቤታቸው ይሂዱ።»

ፈራሁ። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች፤ ከመንግሥት ደመወዝ ሌላ የማርሰው መሬት አልነበረኝም። ፊቴን ወደ ሕዝቡ አዞርኩ። አባ ሄራሞ ከፊት ቆመው ያዩኛል። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ሳይለቀኝ ንዴቱ መጣ። እኔን አፍ አድርጎ የቀጠረኝ መንግሥት አፌን ሊያበላሸው ነው አልኩ በሆዴ።

በሀዲይኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ እንዲህ አልኩ፤ «ፊታውራሪ የሚሉት ይህን ነው። ‹ምስጢሩ ስለተጣሰ ሳጥኑ አይከፈትም፤ ይቃጠላል። ይህን ግን አትንገራቸው። ተቆጥሯል በላቸው። ውጤቱ አዲስ አበባ ተልኳል በላቸውና ወደየቤታቸው ይሂዱ።›» አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ አንድ ቃል አልቀነስኩም።

ማንም ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ነገርካቸው?» አሉ ፊታውራሪ።

«ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

አባ ሄራሞ ወደ በረንዳው ቀረቡና ዱላቸውን ተከሉ። እኔም ከጎናቸው ቆሜ በአማርኛ «እኔ» እያልኩ ቃላቸውን አወጣሁ። «እኔ የደሌቦ ልጅ ሄራሞ ነኝ። ትናንት ፋኖስን መርጫለሁ፤ ዛሬም ፋኖስን መርጫለሁ። ደብቀህ ተናገር አላችሁኝ። ባለቤት የሌለው ቃል እንደ ባዘነ ከብት ነው፤ ያገኘው ሁሉ የእኔ ነው ይላል። ይህ ቃል ግን ባለቤት አለው። ባለቤቱ እኔ ነኝ። አቃጥላለሁ ካልክ እያየሁህ አቃጥል።»

የፊታውራሪ ፊት ተለዋወጠ። የነገርኩት ያን ጊዜ ገባቸው። «አንተ! ምን አልካቸው?» አሉኝ። «ያሉኝን፣ ጌታዬ» አልኩ።

ላቀች ልጇን እንዳዘለች ወደፊት መጣች። ስሟን ከነአባቷ ጠርታ «ፋኖስ» አለች። ቀጥሎ ባሏ መጣ። ከዚያ ጎረቤታቸው መጣ። እያንዳንዱን ተረጎምኩ። ፊታውራሪ «በቃ! ማስተርጎምህን አቁም!» ብለው ጮኹብኝ። ይህም የተነገረ ነገር ነውና ወደ ሕዝቡ ዞሬ «ማስተርጎምህን አቁም እያሉኝ ነው» ብዬ በሀዲይኛ ተረጎምኩት። ከዚያ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ። ግቢውን የሚጠብቁት ነጭ ለባሾች ጠመንጃቸውን እንደያዙ መሬት መሬት ያዩ ነበር፤ ከመካከላቸው የዚያችው መንደር ልጆች አሉ።

ነገሩን የፈቱት ዋና ጸሐፊው ናቸው፤ ይህን ባልናገር ግፍ ይሆንብኛል። ወደ ፊታውራሪ ጆሮ ጠጋ ብለው «ጌታዬ፣ ይህ ሁሉ ሰው ስሙን ከነአባቱ እየጠራ ነው። ነገሩ ነገ ጠቅላይ ግዛት ቢደርስ አንዱም የሚክድ አይመስለኝም» አሉ። ፊታውራሪ እጃቸውን ወደ ቢሮው ወረወር አድርገው ገቡ። ሳጥኑ ወጣ።

በረንዳው ላይ ማሸጊያው ተቆረጠ። ዋና ጸሐፊው ወረቀቱን አንድ በአንድ እያነሡ ለሰዉ ያሳዩ ነበር። ፋኖስ፣ ፋኖስ፣ ፋኖስ። በመሐል አንድ ፈረስ ወጣ። ሕዝቡ በሙሉ ዞሮ ጭቃ ሹሙን አየው።

በሌሎቹ ጣቢያዎች ሁለቱ ተቀራርበው ስለነበር ላምቤቦ በዚያች መንደር ድምፅ አሸንፎ ምክር ቤት ገባ። የመስኩ ምዝገባ እንዲጣራ ተብሎ ታገደ፤ ግራዝማቹም አላሳረሱትም። ብዙ ነገር ተለወጠ አልልም። ከብቱ ግን ያንን ክረምት እዚያው ጋጠ።

እኔ ግን በቆጠራው ማግስት ተጠራሁ። ፊታውራሪ «ደመወዝህን የሚከፍልህ ማነው?» አሉኝ። «መንግሥት ነው» አልኳቸው። «መንግሥት ማነው?» አሉኝ። «እርስዎ አሉበት፤ ትናንት ግቢው ውስጥ የቆሙትም ግብር ከፋዮች ናቸውና አሉበት» አልኩ። በዚያው ሳምንት ከደመወዜ ተቀንሶ ወደ ሙዱላ ተዛወርኩ። ጋሼ ኤርጪሶ ሊሰናበተኝ መጥቶ «እኔ ብሆን ጡረታዬን አስብ ነበር» አለኝ። «እርስዎ አስበዋል፤ እኔ ገና ወጣት ነኝ» አልኩት። ስቆ አቀፈኝ።

ሙዱላ የምክትል ወረዳው ገዢ ስለ እኔ የተጻፈውን ደብዳቤ ካነበቡ በኋላ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሆሳዕና ያንን ያደረግኸው አንተ ነህ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። «እዚህስ?» አሉኝ። «እዚህም» አልኳቸው። ደብዳቤውን አጥፈው አስቀመጡና ባለጉዳይ አስገባ አሉኝ። እዚያም በሌላም ቦታ እስከ ጡረታዬ በዚሁ ደንብ ሠራሁ፤ ዕድገት ከሚያገኙት መካከል ግን ስሜ ተጠርቶ አያውቅም።

ዛሬ በየፍርድ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ የምታስተረጉሙ ልጆች ከዚህ ሥራ ምን እንደተማርኩ ትጠይቁኛላችሁ። አስተርጓሚ የተባለውን ይናገራል። መዋሸት የፈለገ ሹም ቋንቋውን ይማርና ራሱ ይዋሽ።